ምንጣፉ ይትረፍ ሲባል ሰው እንዳይወድቅ፦ የትዳር አጋራችሁን ለምታስታምሙ

ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባል ወይም ሚስት ታሞ የተኛበት ቤት ጥየቃ ስትገቡ ብዙ ጊዜ የምታዩት ነገር አለ። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ላስቲክ ተዘርግቷል፣ ወይ ደግሞ አሮጌ አንሶላ ተነጥፎበታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሽንት ያመልጣል፣ አጥሚት ይደፋል፣ ሻይ ይፈሳል። ምንጣፉ ምናልባት በእቁብ ብር የተገዛ ነው። አንዴ ሽንት ከጠጣ ጠረኑ በቀላሉ አይለቅም፤ ውሃ የጠጣ ምንጣፍ አውጥቶ ማጠቡና ማስጣቱ ደግሞ ተመልሶ አስታማሚው ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ "ሰው ታሞ እሷ ስለ ምንጣፍ ታስባለች" ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ችግሩ ግን እዚህ ጋር ነው። ምንጣፉን ያተረፈው ላስቲክ ታማሚውን የሚጥለው እሱው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

🔹 መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 684,000 የሚጠጉ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ሕክምና እስከሚያስፈልግ ድረስ የሚጎዱት ደግሞ በዓመት ከ37 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከሟቾቹ ትልቁን ቁጥር የሚይዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው።

በዕድሜ የገፋ ሰው ዳሌው ሲሰበር ጉዳቱ አጥንቱ ላይ ብቻ አይቆምም። አልጋ ላይ መዋል ይመጣል፤ ከዚያ የጀርባ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ በእግር ውስጥ የሚረጋ ደም ይከተላል። ሳይሰበሩ የተረፉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ "ደግሜ እወድቃለሁ" ብለው መራመድ ይፈራሉ። የማይራመድ ሰው ጡንቻው ይደክማል፣ ጡንቻው የደከመ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል። አዙሪት ነው።

🔹 በዚህች ትንሽ ነገር እንዴት ይወድቃሉ?

"ጠርዙ እኮ ትንሽ ነው የተነሳው" እንላለን። ጤነኛ ሰው ሲራመድ የእግሩ ጣት ከወለሉ የሚነሳው ስንት ይመስላችኋል? እግሩ ወደ ፊት በሚያልፍባት ቅጽበት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይሄ የጤነኛው ነው።

▪ ስትሮክ የመታው ሰው አንድ እግሩን ይጎትታል፤ ጣቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል።
▪ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው እርምጃው አጭር ነው፤ እግሩን ሳያነሳ እየፈተገ ይሄዳል።
▪ ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ የረገጠውን ነገር በደንብ አይሰማውም።
▪ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ዓይኑ ቢያይም አእምሮው ያየውን በትክክል ላይተረጉም ይችላል። የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ውሃ ይመስለዋል፣ ጥቁር ምንጣፍ ጉድጓድ ይመስለዋል። ለመዝለል ወይም ለመዞር ሲሞክር ይወድቃል።

እንግዲህ የአንሶላ እጥፋት ወይም የተጠቀለለ የላስቲክ ጫፍ ለእነዚህ ሰዎች እንደ ደረጃ ነው።

🔹 የትኛው ሽፋን ምን ያደርጋል?

ላስቲክ፦ ፈሳሽ አያሳልፍም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጠብታ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በካልሲ ሲረገጥ የባሰ ነው። እኛ ደግሞ ጫማ በር ላይ አውልቀን በካልሲ የመግባት ልማድ አለን። ከሥሩ እርጥበት ከገባም አፍኖ ስለሚይዘው ምንጣፉን ለማዳን ተብሎ የተነጠፈው ነገር ምንጣፉን ያሸተዋል።

አንሶላ ወይም ጨርቅ፦ አያንሸራትት ይሆናል፣ ግን ይሰበሰባል። እግር ወይም ከዘራ ይጠልፋል። ፈሳሹንም አሳልፎ ወደ ታች ይሰደዋል። ስለዚህ ሁለቱንም አያድንም።

ትንንሽ ምንጣፎች (አልጋ ሥር፣ ሻወር በር ላይ የሚደረጉት)፦ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ላይ እንደ ጋሪ ይሄዳሉ። ሥራቸው ጎማ ካልሆነና ወለሉን ካልያዙ ቢነሱ ይሻላል።

ፕላስቲክ ምንጣፍ (በጥቅል የሚሸጠው)፦ ሙሉ ክፍሉን ሸፍኖ ጠርዙ በደንብ ከተጣበቀ ጥሩ ነው፤ በጨርቅ ይወለወላል። መጥፎ የሚሆነው ጫፉ ሲታጠፍና እርጥብ ሲሆን ነው።

"ታዲያ ምንጣፉን በሙሉ እናንሳው?" የሚል ይኖራል። ሁልጊዜ መልሱ ይሄ አይደለም። ባዶ ሲሚንቶ ይቀዘቅዛል፣ ለወደቀ ሰውም ጠንካራ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የተነጠፈ፣ ጸጉሩ አጭር የሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ምንጣፍ ችግር የለውም። ጸጉሩ ረጅም የሆነው፣ መሃል ሳሎን ላይ ተነጥሎ የተቀመጠውና ጫፉ የሚነሳው ነው ተጠቅልሎ መቀመጥ ያለበት። ታማሚው ሲሻላቸው ይመለሳል፤ እስከዚያውም ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

🔹 ዋናው ዘዴ፦ መቀመጫውን ሸፍኑ፣ መንገዱን ባዶ አድርጉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይቺን ያዙ። ሽፋን የሚያስፈልገው ሰው በሚቀመጥበትና በሚተኛበት ቦታ ነው። በሚረግጡበት መንገድ ላይ ምንም ልቅ ነገር አይነጠፍ።

1. ፈሳሹን ከምንጩ ያዙት። ፍራሹ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን፣ ከዚያ በላይ አንሶላ አድርጉ። ሶፋ ወይም ወንበር ላይ ላስቲክ አንጥፋችሁ በላዩ ፎጣ አድርጉ፤ ላስቲኩ ከመቀመጫው ወርዶ እግር ሥር እንዳይንጠለጠል ግን ወደ ውስጥ አስገቡት። የአዋቂ ዳይፐር አቅም ከፈቀደ ይረዳል።

2. ምግብ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ክዳን ያለው ኩባያ፣ ጉልበት ላይ ትሪ፣ ደረት ላይ ፎጣ። ኩባያውን ግማሽ ብቻ ሙሉት። ቀና ብለው መቀመጣቸው ትን እንዳይላቸውም ይጠቅማል።

3. መንገዱን ለዩ። ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከአልጋ ወደ ሳሎን መቀመጫቸው። በዚህ መስመር ላይ ምንጣፍ ካለ ጠርዙን በማስቲሽ ወይም በሁለት በኩል በሚጣበቅ ፕላስተር ወለሉ ላይ አጣብቁት። የማከፋፈያ ገመድ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ዱካ፣ የልጅ መጫወቻ ከመስመሩ ይውጣ። የበሩ ደፍ ከፍ ያለ ከሆነ በደማቅ ቀለም ቅቡት።

4. እግራቸውን እዩ። ነጠላ ጫማ ከእግር ይወልቃል፣ ካልሲ ይንሸራተታል። ቤት ውስጥ ብቻ የሚደረግ፣ ጀርባው የተዘጋና ሶሉ ጎማ የሆነ ጫማ ይሻላል። ጫማው ውጪ ስለማይወጣ ምንጣፉም አይቆሽሽም። የከዘራውን ጫፍ ጎማም እዩ፤ ካለቀ ይቀየር።

🔹 አጣዳፊው ሰዓት፦ ሌሊት

ምንጣፍም የሚበላሸው፣ ሰውም የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ሽንት አጣድፏቸው በጨለማ ሲነሱ። ስለዚህ መፍትሔውም አንድ ነው።

▪ ቀን ላይ ሽንት እስኪመጣ አትጠብቁ። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ "እንሂድ?" ብላችሁ ውሰዷቸው።
▪ ሌሊት አልጋው ሥር ፖፖ አድርጉ። ለወንድ አፉ ሰፊ የሆነ ክዳን ያለው ዕቃ ይበቃል፤ ሃይላንድ ቆርጠው የሚጠቀሙም አሉ፣ ጠርዙ ግን እንዳይቆርጥ በፕላስተር ይጠቅለል።
▪ መብራት ይጠፋል፣ እናውቀዋለን። ባትሪ ራስጌ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ።
▪ በድንገት አይነሱ። ለጥቂት ደቂቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይቆዩ፤ የደም ግፊት ሲወርድ ራስ ይዞራል።
▪ የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ "የሚያሸናው የትኛው ነው? ጠዋት መውሰድ ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። በራሳችሁ ግን ሰዓቱን አትቀይሩ።

🔹 ቡናና በዓል ሲመጣ

ቄጤማ የሌለበት በዓል አይደምቅም። እርጥብ ቄጤማ ግን ሴራሚክ ላይም ላስቲክ ላይም ያንሸራትታል። ረከቦቱ ባለበት ጥግ ብቻ ጎዝጉዙት፤ የታማሚው መንገድ ይተው። ከሰሉና ጀበናውም ከዚያ መስመር ይራቁ። የሶላት መስገጃም ከተሰገደበት በኋላ ተጣጥፎ ይነሳ። ጠያቂ ሲበዛ በር ላይ የሚከመረው ጫማም ያደናቅፋል፤ ወደ ጎን ይደርደር።

🔹 ምንጣፉ ላይ ከፈሰሰስ?

በደረቅ ጨርቅ ተጫኑት፤ አትሹት፣ ሲታሽ ይሰራጫል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና አርጥባችሁ ደግማችሁ ምጠጡት። ለጠረኑ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ይረዳል። በረኪና አትጠቀሙ፤ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ቦታው እስኪደርቅ ማንም አይለፍበት።

🔹 አስታማሚዋም ሰው ናት

ባልን ሲያነሱ አብረው የሚወድቁ ሚስቶች አሉ። ብብት ሥር ይዞ መጎተት ለሁለታችሁም አደጋ ነው። በተለይ ስትሮክ የመታውን እጅ አትሳቡ፣ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ ወይም መቀነት አስራችሁ እሱን ያዙ። ስትራመዱ በደከመው ጎናቸው በኩል ቁሙ። ጀርባችሁን ሳይሆን ጉልበታችሁን እጠፉ። ከባድ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ጥሩ፣ ነውር የለውም።

🔹 ከወደቁ

መጀመሪያ ቶሎ አታንሷቸው። ጭንቅላታቸውን መትቷቸዋል? መቆም አቅቷቸዋል? አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጪ ዞሯል? እነዚህ ካሉ በተለይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳታንቀሳቅሱ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ ካልተገኘም በጥንቃቄ በመኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና አዳሬ ሆስፒታል አሉ። ወደ ወጌሻ ከመሄድ በፊት ራጅ ይነሱ። የተሰበረ ዳሌ በመታሸት አይድንም፤ አጥብቆ የታሰረ እግርም ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

🔹 የመጨረሻው፦ አማክሯቸው

ምንጣፉ ሲጠቀለል፣ ሶፋው ላይ ላስቲክ ሲደረግ ታማሚው ያያሉ። "በእኔ ምክንያት ቤቱ ተበላሸ" ብለው ዝም ሊሉ፣ ሽንታቸውን ሊይዙ፣ ላለማስቸገር ብቻቸውን ሊነሱ ይችላሉ። ውድቀቱ የሚመጣውም ያኔ ነው። ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ንገሯቸው። "ይሄን የማነሳው እንድትራመድልኝ ብዬ ነው" የሚል ቃል ትልቅ ነገር ነው። የትኛው መንገድ እንደሚቀላቸው፣ የትኛው ወንበር እንደሚመቻቸው ይምረጡ። ቤቱ የሁለታችሁ ነው።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ከአልጋቸው እስከ ሽንት ቤት በካልሲ፣ እግራችሁን እየጎተታችሁ፣ መብራቱን ቀንሳችሁ ሂዱ። እግራችሁን የያዘው ነገር ሁሉ ነገ ጠዋት ይነሳ።

እናንተ ቤት የሠራ ሌላ ዘዴ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። የሚያስታምም ወዳጅ ካላችሁም ሼር አድርጉለት። ለታመሙት ምሕረት፣ ለአስታማሚዎች ብርታት ይስጥልን 🙏