በዓል ሲደርስ ተረኛ የሚሆነው አምቡላንስ

በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አምቡላንስ ከአንድ በር አይወጣም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መኪኖች በ907 ነጻ የስልክ መስመር ይጠራሉ። በጤና መዋቅሩ በኩል ለየወረዳው የተመደቡት ደግሞ ዋና ሥራቸው ምጥ የያዛትን እናት ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ሆስፒታሎች ሪፈር የሚወስዱባቸው የራሳቸው መኪኖች አሏቸው። ከሁሉም አስቀድሞ የሚደርሰው ግን ጎረቤት ነው፤ በገጠሩ በቃሬዛ፣ በከተማው በባጃጅ። የማኅበረሰብ አምቡላንስ አገልግሎት ሲባል ይህ ሁሉ አንድ ላይ መታየት አለበት፤ መኪናው ብቻውን አገልግሎት አይደለምና።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጣሊያን ወረራ ደጅ ደርሶ ነበር። ጦርነቱ እንደተጀመረ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የመጡ የአምቡላንስ ቡድኖች በየግንባሩ ተሰማሩ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የስዊድኖቹ ሰፈር መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ። ለጦር ቁስለኛ የተጀመረው አገልግሎት ዛሬ አብዛኛው ሥራው የሰላም ጊዜ ሥራ ሆኗል፦ ምጥ፣ የመኪና አደጋ፣ ድንገተኛ ሕመም። የአባላት መዋጮና የበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ግን ያኔም አሁንም ምሰሶው ነው።

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከመስከረም 2007 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚያበቃው እዚህ ነው፤ በስድስት መስመር ሲከንፍ የመጣ መኪና በአንድ ጊዜ ከባጃጅ፣ ከጋሪና ከእግረኛ ጋር ይቀላቀላል። ወደ ምሥራቅ የጅቡቲው መንገድ በወለንጪቲና በመተሐራ አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከባድ መኪና ሌት ተቀን አይለየውም። ወደ ደቡብ በአሰላ በኩል አርሲና ባሌ ይደረሳል። ከሞጆ የሚገነጠለው ደግሞ በመቂና በባቱ አልፎ ወደ ሻሸመኔ ይሄዳል። ከእነዚህ መንገዶች በብዙዎቹ ላይ የተጎዳ ሰው በመጨረሻ የሚላከው ቀድሞ ኃይለማርያም ማሞ መታሰቢያ ይባል ወደነበረው አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። ከመተሐራ እስከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደም እየፈሰሰው ያለ ሰው ይህን ርቀት የሚችለው ገና ከወደቀበት ሳይነሳ ቁስሉን አጥብቆ የያዘለት እጅ ካገኘ ነው።

አደጋ ቀን አይቆርጥም፤ በዓል ግን ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ለአምቡላንስ ሥራ ትልቅ ዕድል ነው። መስከረም ብቻውን እንቁጣጣሽን፣ በ16 ማታ ደመራን፣ በ17 መስቀልን፣ በ21 ግሸን ማርያምን ይዞ ይመጣል፤ መስቀል ባለፈ በእሑዱ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ በአዳማ በኩል ወደ ሐረርጌ ይጎርፋል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የዝቋላ አቦ ተጓዥ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋውን ተራራ በእግሩ ይወጣል። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄደው ሰው በአርሲ አድርጎ ያልፋል። በረመዳን አፍጥር ሲቃረብ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ሹፌሩም ይቸኩላል። የእያንዳንዱ ጉዞ ጉዳት የየራሱ ነው። የቁልቢው ጉዞ ሌሊት እንቅልፍ የጣለው ሹፌር ስለሚበዛበት አምቡላንሱ መተሐራና አዋሽ አካባቢ ቢያድር ይሻላል። የዝቋላው ደግሞ ልብና ሳንባው የደከመ ሽማግሌ፣ እግሩ የታጠፈ ወጣት ያመጣል፤ መኪና በማይገባበት ዳገት ላይ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ካልተመደቡ ግርጌ የቆመ አምቡላንስ ብዙ አይረዳም።

ከቤት የሚመጣው ጥሪ ሌላ ጠባይ አለው። በእርድ ቀን ቢላ የሳተው እጅ፣ ዶሮ ሲሠራ የተገለበጠ የፈላ ዘይት፣ ችቦ የነካው ልብስ በየበዓሉ የማይቀሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሳይዘገይ ይታወቃሉ። ሰው የሚጎዳው የማይታወቁት ላይ ነው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ሌሊት ቅቤና ሥጋ የበላ ጎልማሳ ደረቱ ሲጨመድደው ቤተሰቡ «ጨጓራው ነው» ይላል፤ ወተት ይሰጠዋል፤ እስኪነጋ ይጠብቃል። ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከወጣ፣ ላብ ካጠመቀውና ትንፋሽ ካጠረው የልብ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል መጠበቅ አይገባም። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችም በዓሉን ከመድኃኒታቸው ጋር አብረው አያከብሩም፤ እንግዳ ቤት አድረው፣ መድኃኒቱን ረስተው፣ በሦስተኛው ቀን ራሳቸውን ስተው ይገኛሉ። ከሁሉም አደገኛው ግን የከሰል ጭስ ነው። እንግዳ ስለበዛ አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው ይተኛል፤ ብርዱን ለመከላከል ወይም ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ምድጃው ይገባል፤ በርና መስኮቱ ይዘጋል። ጠዋት አልነቃ ያለውን ሰው «ትናንት ጠጥቶ ነው» ብሎ መተው ያስሞታል። በአንድ ክፍል ያደሩ ሰዎች ሁሉም ራሳቸውን ካመማቸውና ካቅለሸለሻቸው መጀመሪያ በርና መስኮት ተከፍቶ ሁሉም ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው፤ ስልኩ ከዚያ ይደወላል። ለባለሙያውም የመጀመሪያው መድኃኒት ኦክስጅን ስለሆነ፣ ለበዓል ተረኛ የሆነ መኪና ሲሊንደሩ ሙሉ መሆኑን በዋዜማው ሳያይ መውጣት የለበትም።

ተረኛነቱን በተመለከተ በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የሚያኮራ ልማድ አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚሠሩበት ጣቢያ ፋሲካና ገና ሲሆን ሙስሊሙ ባልደረባ ፈረቃውን ይይዛል፤ ዒድና አረፋ ሲሆን ክርስቲያኑ ይይዝለታል። ይህ መመሪያ አላስፈለገውም፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ሥራ ቦታ ላይ ሲደረግ ነው። ተቀባዩ ሆስፒታል ግን እንዲሁ ካልተዘጋጀ ትርፉ ይቀንሳል። በበዓል ቀን ድንገተኛ ክፍል ሐኪም ሲያንስ፣ አምቡላንሱ ያመጣውን ሰው ቃሬዛ ላይ እንዳለ ይዞ ይቆማል፤ ቃሬዛው ሳይመለስ መኪናው ወደ ቀጣዩ ጥሪ አይሄድም።

በዓልና አደጋን ለየብቻ ማሰብ ስሕተት መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ኢሬቻ ላይ በተፈጠረው መረጋገጥ፣ መንግሥት በገለጸው ቁጥር ብቻ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከምሥራቅ ሸዋ ጋር በሚዋሰነው በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመው የእንጨት ርብራብ በምእመናን ላይ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። ይህን ያህል ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲኖር የትኛውም የገጠር ከተማ አምቡላንስ አይበቃም። የመጀመሪያው ሥራ ማጓጓዝ ሳይሆን መለየት ነው፤ ባለሙያዎች ትሪያጅ የሚሉት። የሚጮኸው ብዙ ጊዜ መጠበቅ የሚችለው ነው፤ ዝም ያለው፣ ትንፋሹ የሚቆራረጠው፣ ደሙ የማይቆመው ይቀድማል። ሕዝቡ በርኅራኄ ያገኘውን ሁሉ በፒክአፕና በአይሱዙ ጭኖ ወደ አንድ ሆስፒታል ሲያጎርፍ ግን ቀላል የቆሰሉት ቀድመው ደርሰው አልጋውን ይይዛሉ፤ አንገቱ የተጎዳውም ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ይነሳና ጉዳቱ ይብስበታል። ስለዚህ ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት በዓል አምቡላንሱ የት እንደሚቆም፣ የመውጫው መንገድ በማን እንደሚጠበቅ፣ ማን እንደሚለይ፣ የትኛው ቁስለኛ አዳማ፣ የትኛው ቢሾፍቱ እንደሚሄድ በዋዜማው መወሰን አለበት።

የፈንታሌው ርዕደ መሬት ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና ነበር። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከርማ፣ ታኅሣሥ 26 ሌሊት 5.8 ገደማ የተመዘገበ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀር። ከቁልቢ መልስ ገና አንድ ሳምንት ነበር። ቤቶችና መንገዶች ተሰነጣጠቁ፤ በኦሮሚያና በአፋር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተው በዓሉን በመጠለያ አሳለፉ። የካቲት 7 ደግሞ 6.0 የደረሰ ተመዘገበ። በእንዲህ ያለ አደጋ አምቡላንሱን የሚያስፈልገው ፍርስራሽ የወደቀበት ሰው ብቻ አይደለም። እርጉዟ የምትወልድበት ጤና ጣቢያ ከመጠለያው ይርቃል። የቲቢ፣ የኤች.አይ.ቪ እና የስኳር ሕመምተኛው ካርዱና መድኃኒቱ ጥሎት በወጣው ቤት ይቀራል። ሕፃናት ውጭ እያደሩ ሳል ይይዛቸዋል። መጠለያው አጠገብ በቋሚነት የሚቆም አንድ መኪናና የየቤተሰቡን እርጉዞችና ሕሙማን የመዘገበ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከሩቅ ከተማ በየጥሪው ከሚመላለሱ ብዙ መኪኖች ይበልጥ ያገለግላሉ። ጥሪውን የሚቀበለው ሰውም አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና አፋርኛ ከሚችሉት መካከል ቢሆን ደቂቃዎች ይተርፋሉ።

ጎርፍ እንደ በዓል ወቅቱ የሚታወቅ ነው። አዋሽ በነሐሴ ይሞላል፤ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ውኃ ሲለቅም ከወንጂ ጀምሮ የታችኛው ተፋሰስ ይነካል። ከጎርፉ በፊት ወራቸው የገባ እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ማስገባት መኪናው በጭቃ ከሚያዝበት ጉዞ ያድናል።

የአገልግሎቱ ድካም የት ላይ እንደሆነ መደበቅ አያስፈልግም። ነዳጅ ይቋረጣል፤ ጎማ ተበልቶ መለዋወጫ ይጠበቃል። ከሹፌሩ ሌላ ባለሙያ ሳይኖርበት የሚወጣ መኪና ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው መኪና ሰውን ያደርሳል እንጂ መንገድ ላይ አያክምም። ለወላድ የተመደበው መኪና ለበዓል ድንኳን ጥበቃ ሲወሰድ፣ በሩቅ ቀበሌ ምጥ የያዛት እናት ያለ መኪና ትቀራለች፤ ይህ ሊፈቀድ የማይገባው ነገር ነው፤ ለበዓል የሚቆመው ተጨማሪ መሆን አለበት እንጂ ከእናቶች ተነጥቆ የመጣ መሆን የለበትም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው ምሳሌ አለ፤ በፓኪስታን ካራቺ ዓብዱል ሰታር ኤዲ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕዝብ መዋጮ በአንድ መኪና የጀመረው ሥራ በዓለም ካሉት ትልልቅ የበጎ አድራጎት አምቡላንስ አገልግሎቶች አንዱ ሆኗል። ኢትዮጵያም መዋጮ አታጣም። በአዳማ በየሰፈሩ እድር አለ፤ የአባላቱን ቤት በስም ያውቃል፣ ድንኳንና ወንበር አለው፣ በየወሩ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ሲጠራ በደቂቃዎች ይሰበሰባል። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለአንድ ቃሬዛ፣ ለአንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ቀይ መስቀል ለሚሰጠው ሥልጠና ለሚላኩ ሁለት ወጣቶች ቢውል፣ መኪናው እስኪደርስ ባሉት ደቂቃዎች የሚሞተው ሰው ይቀንሳል። እድሩ ለቀብር የሚያደርገውን ያህል ለነፍስ ማትረፍም የሚያደርግበት ጊዜ አሁን ነው።

ከእድር ሊቀመንበር ጀምሮ እስከ እያንዳንዱ አባወራና እማወራ ድረስ የሚጠየቀው ቀላል ነው። በመጪው በዓል ዋዜማ 907ን በቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ላይ ይመዝግቡ። ሲደውሉ መጀመሪያ ቦታውን ይናገሩ፤ «ፍራንኮ ነው»፣ «ቦኩ ነው» ብሎ የሰፈሩን ስም ብቻ መጥራት አይበቃም፤ የሚታወቅ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ወፍጮ ቤት ይጥቀሱ። ቀጥለው ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ እንደሚተነፍስና እንደማይተነፍስ፣ ደም እንደሚፈሰው ይንገሩ። ደም የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ይያዙ፤ ሊጥ፣ ቡና ወይም አፈር አይጨምሩበት። የወደቀ ወይም መኪና የገጨውን ሰው፣ እሳት ወይም ጎርፍ ካላሰጋው በቀር፣ አያንቀሳቅሱ። አንድ ልጅ ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ፤ ሹፌሩ መልሶ ሲደውልም የደወሉበት ስልክ እንዳይያዝ።