ስለ ዶሮ እግር ሕመም

ልጆች ሆይ፥ ዶሮ እግሯን ቢያማት ወደ ሰው መጥታ አመመኝ አትልም። እንዲያውም ሌሎቹ ዶሮዎች ድካሟን አይተው እንዳይነክሷት ሕመሟን ትሰውራለች። ስለዚህ ዶሮ ያለው ልጅ የዶሮውን አረማመድ በየቀኑ መመልከት ይገባዋል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ እጄ ካጠፋሁት ጥፋት ነው።

ሕፃን ሳለሁ እናቴ ከገበያ አንዲት ቄብ ዶሮ ገዝታ፥ «ይህች ላንተ ትሁን» ብላ ሰጠችኝ። ዶሮ ከገበያ የምትመጣው እግሯ ታስሮ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ የርሷም እግሮች በቀጭን የቃጫ ገመድ ታስረው ነበር። ሁለቱን እግር ያያዘውን ገመድ በጠስሁና ለቀቅኋት፤ በቀኝ እግሯ ላይ የቀረውን ቋጠሮ ግን ሳልፈታ ተውሁት። ይህንም ያደረግሁት ባሻኝ ጊዜ ሌላ ገመድ ቀጥዬ እንድይዛት ነው። እርሷ በጓሮ እየጫረች ስትሄድ የተንጠለጠለው ጫፍ ተተረተረና በአንዱ ጣቷ ላይ ተጠመጠመ። እኔ ግን በጨዋታ ላይ ነበርሁና አላየሁም።

ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ታነክስ ጀመር። ሌሎቹ ወደ እህሉ ሲሮጡ እርሷ ኋላ ትቀራለች፤ በቀትርም አንዱን እግሯን አንሥታ ትቆማለች። ታላቅ ወንድሜ አይቶ፥ «ይህች አትድንም፤ ሳትከሳ ትታረድ» አለ። እኔም አለቀስሁ። እናቴ ግን፥ «አስቀድመን እግሯን እንይ፤ ቢላዋው የትም አይሄድም» አለች። ወንድሜ ክፉ ሰው አልነበረም። ዶሮ ለምግብ መሆኗ እውነት ነው፤ ነገር ግን እስክትታረድ ድረስ ሕመሟ በእጃችን ነው።

ያን ማታ ያየነውን ከመናገሬ በፊት የዶሮን እግር አሠራር ልንገራችሁ። ዶሮ ከፊት ሦስት፥ ከኋላ አንድ ጣት አላት። የእግሯ ጅማት ከላይ ወርዶ እስከ ጣቶቿ ይደርሳል። እግሯን አጥፋ በቆጥ ላይ ስትቀመጥ ጅማቱ ይወጠራል፤ ጣቶቿም እንጨቱን ይጨብጣሉ። ስለዚህ እንቅልፍ ቢወስዳትም አትወድቅም። ፈጣሪ ይህን ያህል ጥበብ በዶሮ እግር ላይ ማድረጉ ዘወትር ያስደንቀኛል። ከእግሯም በታች፥ ጣቶቿ በሚገናኙበት ስፍራ፥ እንደ ትንሽ ትራስ ያለ ለስላሳ ሥጋ አለ። የሰውነቷ ክብደት የሚያርፈው በርሱ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚነሣው ከዚህ ትራስ ነው። እሾህ ይወጋዋል፤ የጠርሙስ ስባሪ ይቈርጠዋል። ቆጡ ከፍ ያለ፥ መሬቱም ጠንካራ ሲሆን፥ በየማለዳው ስትዘል ይቀጠቀጣል። ወይም ቀንና ሌሊት በርጥብ ኩስ ላይ ስለምትቆም ቆዳው ይላላል። በዚያን ጊዜ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይገባሉ፤ ከነዚህም ሐኪሞች ስታፊሎኮከስ የሚሉት ይበዛል። ስፍራው ያብጣል፥ ይሞቃል፥ በመካከሉም ጥቁር ቅርፊት ይታያል።

የሰው መግል ሲፈርጥ ይፈስሳል፤ የዶሮ መግል ግን ረግቶ እንደ አይብ ይጠጥራል። ስለዚህ እብጠቱን መጭመቅ አይጠቅምም፤ ክፉውን ነገር ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ብዙ ቢዘገይ ወደ አጥንቷ ይደርሳል።

እንግዲህ ወደዚያ ማታ እንመለስ። እናቴ ዶሮዋን ከቆጡ ላይ ቀስ ብላ አነሣቻት፥ በነጠላም ጠቅልላ ራሷን ሸፈነችላት፤ ዶሮ በጨለማ ትረጋጋለችና። እኔ ኩራዙን ያዝሁ። (ዶሮን በእግሯ ዘቅዝቆ መያዝ በገበያ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም፤ በታመመ እግርማ ጭካኔ ነው። ደረቷንም አጥብቃችሁ አትያዙ፤ ዶሮ የምትተነፍሰው ደረቷ ሲነሣና ሲወርድ ነውና ትታፈናለች።) ከዚያም እናቴ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ጨው አሟሟች፥ እግሯንም ነከረችው። እናንተም እንዲሁ ስታደርጉ ውኃውን አስቀድማችሁ በክርናችሁ ፈትኑት፤ 15 ደቂቃ ያህልም ይቆይ። ጭቃውና ኩሱ ሲለቅ ገመዱ ታየ። ባበጠው ሥጋ ውስጥ ሰምጦ ነበር፤ ጣቷም ከክሩ በታች ጠቁሮ ነበር። እናቴ አልተቈጣችኝም፤ ወደ እኔ ብቻ ተመለከተች። ቍጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ክሩን በትንሽ መቀስ ቈርጣ አወጣችው። ይህ የታላቅ ሰው ሥራ ነው፤ ልጅ ብቻውን አይሞክረው። በላይ የሚታይ እሾህ ቢሆን በፈላ ውኃ በተቀቀለ ወረንጦ ይነቀላል። ከዚያ በኋላ ቍስሉ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፥ በውኃ የቀጠነ አዮዲን ይቀባል፥ በንጹሕ ፋሻም ይጠቀለላል። ፋሻው አይጥበቅ፤ ጣቶቿ ቢያብጡ ወይም ቢቀዘቅዙ ወዲያው ይፈታ። በየቀኑም ይለወጥ። በጋለ ብረት መተኰስ ወይም ላምባ ማፍሰስ ደኅናውን ሥጋ ያቃጥላል እንጂ አያድንም።

ጥቁሩ ቅርፊት ከጠነከረ፥ እብጠቱም ካደገ፥ ወይም መብላት ከተወች ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት፤ ቍስሉን በምላጭ አትቍረጡ። ሐኪሙ መድኃኒት ቢሰጣት እንቍላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁት። አንዱን እግሯን ወደ ፊት፥ ሁለተኛውን ወደ ኋላ ዘርግታ ብትወድቅ ግን ይህ የቍስል ነገር ላይሆን ይችላል፤ የነርቭ በሽታ ሊሆን ይችላልና ከሌሎቹ ለይታችሁ ቶሎ ለሐኪም አሳዩ።

የታመመችው ዶሮ ለብቻዋ ትቀመጥ፤ ዶሮዎች ደም ሲያዩ ይነክሳሉና። ደረቅ ገለባ ይነጠፍላት፥ እህልና ውኃ በአጠገቧ ይቀመጥላት። እስክትድን ድረስ ከፍ ወዳለ ቆጥ አትውጣ፤ ከዳነችም በኋላ ቆጡ ዝቅ ያለና የለዘበ እንጨት ይሁን። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ፤ ያ ተሕዋስ የሰውን ቍስል ያመረቅዛልና።

የቄቧ ጣት ከጥቂት ቀን በኋላ ደርቆ ወደቀ። እርሷ ግን ዳነች፤ በቀሩት ጣቶቿም ዝቅ ያለውን እንጨት እየጨበጠች ታድር ነበር። በኋላም እንቍላል ጣለች፥ ታቅፋም ፈለፈለች። ጌታችን ስለ ዶሮና ስለ ጫጩቶቿ የመሰለው ምሳሌ በወንጌል ሲነበብ፥ እስከ ዛሬ ድረስ የምትታየኝ ያች ጣተ ጐደሎ ናት። ከርሷ በኋላ ወደ ቤታችን የመጣችውን ዶሮ ሁሉ እናቴ አስቀድማ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር፤ ገመዱን ፈትቼ አንድ ክር እንኳ እንዳልቀረ እስካሳያት ድረስ ወደ ጓሮ አትለቃትም ነበር።