ለመጨረሻው ወታደር የታወጀው ሐዘን

እ.ኤ.አ. በ1959 ዋልተር ዊሊያምስ የሚባሉ አዛውንት በቴክሳስ ሂውስተን፣ በልጃቸው ቤት አልጋ ይዘው ነበር። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጆሯቸውም ከድቷቸዋል። በመጋቢት ወር የቨርጂኒያው ጆን ሳሊንግ ሲያርፉ፣ ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከዘመቱት ሁሉ በሕይወት የቀሩት የ116 ዓመቱ ዊሊያምስ ብቻ ናቸው ተባለ። ኮንግረስ አስቀድሞ በ1956 ለመጨረሻዎቹ ዘማቾች የወርቅ ሜዳሊያ ወስኗል። ቴክሳስም በደቡቡ ጦር ወታደርነታቸው ጡረታ ስትከፍላቸው ቆይታለች።

የስክሪፕስ ሃዋርድ ጋዜጠኛ ሎዌል ብሪድዌል ግን ወሬውን ከማተም ይልቅ ወረቀቱን ማገላበጥ መረጠ።

በጦር መዛግብት ውስጥ የሰውየውን ዘመቻ የሚደግፍ ነገር አጣ። ይህ ግን ነገሩን አልቆረጠውም። የተሸነፈው የደቡብ ጦር ሲበተን ብዙ ሰነዱ ጠፍቷል፤ ስሙ ሳይገኝ የቀረ እውነተኛ ወታደርም ሞልቷል። ማን አርበኛ ማን ባንዳ እንደነበር ከድል በኋላ የተነሣውን ሙግት የሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ፣ የወረቀት አለመኖር ለሐሰተኛውም ለሐቀኛውም እኩል መጠለያ እንደሚሆን አይጠፋውም። ባለጉዳዩን እንዳይጠይቅ፣ ሽማግሌው ከሚሰሙበትና ከሚመልሱበት ጊዜ አልፈዋል። መንገዱ ሁሉ የተዘጋ መሰለ።

ያልተዘጋችውን በር የተዉለት ራሳቸው ዊሊያምስ ነበሩ።

ሲዋሹ ዘመኑን እንጂ አገራቸውን አልቀየሩም። የተወለድኩት በሚሲሲፒ፣ በኢታዋምባ አውራጃ፣ በ1842 ነው ብለዋል። ጦርነቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1860፣ የሕዝብ ቆጣሪዎች ያን አውራጃ ቤት ለቤት ዞረው የነዋሪውን ስምና ዕድሜ ጽፈው ነበር። ከጦር ሰነድ በተለየ፣ ይህን መዝገብ ማንም ጡረታ ፈልጎ አላስሞላውም፤ ማንም ጀግና ልባል ብሎ ዕድሜ አልጨመረበትም።

ትረካው እውነት ከሆነ ዋልተር በዚያ ገጽ ላይ የ17 ወይም የ18 ዓመት ጎረምሳ መሆን ነበረበት።

ዕድሜው 5 ዓመት ተብሎ ተጽፏል።

ጦርነቱ ሲያበቃ እንግዲህ ዊሊያምስ አሥር ዓመት ገደማ ነበራቸው። ብሪድዌል ያገኘውን በመስከረም 1959 አወጣ። የሚቀበለው ግን ብዙ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 19 ሽማግሌው ሲሞቱ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ብሔራዊ ሐዘን አወጁ።

ነገሩ ሦስት አሥርት ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ። ከዚያ ዊሊያም ማርቬል የተባለ የታሪክ ጸሐፊ የመጨረሻዎቹን የደቡብ ዘማቾች አንድ በአንድ ከሕዝብ ቆጠራ ጋር አስተያየ። የሳሊንግም ዕድሜ ወደቀ። ከእነዚሁ ዘማቾች የአንዱ፣ የዊሊያም ለንዲም እንዲሁ። ዊሊያምስ የጡረታ ማመልከቻቸውን ያስገቡት በ1932 ነው፤ ሳሊንግም በዚያው የኢኮኖሚ ድቀት ሰሞን። ያን ክፉ ዘመን ሳስብ፣ ለእነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የታያቸው የወር እንጀራ እንጂ ሜዳሊያ አይመስለኝም። ሜዳሊያው በእርጅና ተከትሏቸው መጣ።

ማርቬል በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ማስረጃው የሚደግፈው የመጨረሻው የደቡብ ጦር ወታደር የአላባማው ፕሌዘንት ክረምፕ ነው ሲል ደመደመ። ክረምፕ የሞቱት ታኅሣሥ 31 ቀን 1951 ነው፤ ለዊሊያምስ ብሔራዊ ሐዘን ከመታወጁ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ።