ቫልቭ በቫልቭ ውስጥ (የልብ ሕክምና)

ቫልቭ በቫልቭ ውስጥ የሚባለው ሕክምና ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ገብቶ ያረጀን የልብ ቫልቭ ደረት ሳይከፈት በአዲስ የመተካት ዘዴ ነው። አዲሱ ቫልቭ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ ላይ ተጭኖ በደም ሥር በኩል ልብ ይደርሳል። አሮጌው አይወጣም፤ አዲሱ በውስጡ ተዘርግቶ ይቀመጣል።

የማርጀት ምክንያት

በቀዶ ሕክምና የሚተከሉ ቫልቮች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ሜካኒካል ቫልቭ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ታካሚው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን መውሰድ አለበት። ከአሳማ ቫልቭ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን የሚሠራው የቲሹ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይጠይቅም። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ውስጥ ክዳኖቹ ካልሲየም ተከማችቶባቸው ይደርቃሉ ወይም ይቀደዳሉ። ያን ጊዜ ቫልቩ ይጠባል ወይም ደም ወደኋላ ያፈሳል፤ ታካሚውም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይደክመዋል። በወጣቶች ላይ እርጅናው ይፈጥናል።

ይህ ሕክምና ለቲሹ ቫልቭ ብቻ ያገለግላል። የሜካኒካል ቫልቭ ጠንካራ ክዳኖች ለአዲሱ ቦታ አይለቁም።

አሠራር

በመጀመሪያ የአሮጌው ቫልቭ ዓይነትና ስፋት በሲቲ ስካን ይለካል። የአኦርታ ቫልቭ ከሆነ ካቴተሩ አብዛኛውን ጊዜ በብሽሽት ደም ወሳጅ ቧንቧ ይገባል። የሚትራል ቫልቭ ከሆነ ደግሞ በደም መላሽ ቧንቧ ገብቶ በልብ የላይኛው ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ በመብሳት ያልፋል። ቦታው ሲደርስ ተጣጥፎ የነበረው ቫልቭ በባሉን ተነፍቶ ወይም በራሱ ተዘርግቶ አሮጌዎቹን ክዳኖች ወደ ጎን ይገፋል።

ታሪክ

በካቴተር የአኦርታ ቫልቭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ2002 በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ በዶክተር አላን ክሪቢዬ ነው። ባረጀ የቲሹ ቫልቭ ውስጥ የተደረጉት የመጀመሪያ ሕክምናዎች በ2007 በሕክምና መጽሔቶች ታተሙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዘዴውን ለአኦርታ በ2015፣ ለሚትራል በ2017 ፈቀደ።

አደጋና ውስንነት

አዲሱ ቫልቭ በአሮጌው ቀለበት ውስጥ ስለሚገባ የደም መተላለፊያው ይጠባል። የመጀመሪያው ቫልቭ ትንሽ ከነበረ ልብ እንደገና በከፍተኛ ጫና ሊሠራ ይችላል። የተገፉት ክዳኖች ልብን የሚመግቡትን የኮሮናሪ ደም ሥሮች አፍ ሊዘጉ ይችላሉ፤ ይህ ብዙም ባያጋጥምም ለሕይወት አስጊ ነው። ስትሮክና ደም መፍሰስም ይከሰታሉ። ስለዚህ ሐኪሞች በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጊዜ ለወደፊቱ የሚበቃ ሰፊ ቫልቭ ለመትከል ይጥራሉ።

ለወጣት ታካሚዎች ያለው ትርጉም

እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የቫልቭ ሕመም ዋና ምክንያት ሩማቲክ የልብ ሕመም ሲሆን በርካታ ወጣቶችን ያጠቃል። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለመውለድ የምታስብ ሴት የቲሹ ቫልቭ ልትመርጥ ትችላለች፤ ቫልቩ ሲያረጅ ግን ሌላ ሕክምና ያስፈልጋታል። ቫልቭ በቫልቭ ውስጥ ሁለተኛውን የደረት ቀዶ ሕክምና ሊያስቀር ይችላል። ነገር ግን አዲሱም ቫልቭ ከቲሹ የተሠራ ስለሆነ ያረጃል፤ በአንድ ቀለበት ውስጥ ደግሞ ቫልቭ እየደራረቡ መቀጠል አይቻልም።