ከምክር በፊት ድልድይ

ልጄን በወለድኩ በስድስተኛው ቀን ነው። ቤቱ በአራስ ጠያቂ ሞልቷል፤ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። ቅቤና ማር ይዛ ከጎጃም የመጣችው አክስቴ ሕፃኗን ታቅፋ ስታጫውት ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገ ሰባት ቀኗ አይደል? የሚገርዝ ሰው አገኛችሁ?» አለችኝ።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ሰውን ማሳመን እንጀራዬ ነው። በዚያች ሰዓት ግን የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝና፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ወንጀል ነው! በሕግ ያስጠይቃል!» ብዬ ጮህኩባት። አክስቴ መልስ አልሰጠችኝም። ሕፃኗን ለእናቴ አስታቀፈች፣ ነጠላዋን ተከናነበች፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ቡና ያለ ወግ ተጠጣ።

በሕጉ በኩል አልተሳሳትኩም። ከግንቦት 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ሴት ልጅን የገረዘ ሰው ከሦስት ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች ከጎጂ ባህል ተፅዕኖ የመላቀቅ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ወጣቶች መካከል ቁጥሩ ወደ 47 በመቶ ዝቅ ይላል። ለውጥ አለ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ብቻውን እያንዳንዱ አራስ ቤት ውስጥ አልገባም።

ታዲያ ምን ይገባል? መልሱን ያገኘሁት ከከምባታ ታሪክ ነው።

ቦጋለች የሰማችው ጥያቄ

ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ልጅ ናት። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት በማትላክበት ዘመን ውኃ ልትቀዳ ወጣች ሲባል ተደብቃ ፊደል ቆጠረች። ከዚያም በኢየሩሳሌም፣ በኋላም በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርቷን ተከታተለች። በልጅነቷ ተገርዛለች፤ እህቷንም በወሊድ አጥታለች። ወደ ትውልድ ቀዬዋ የተመለሰችው ይህን ሁሉ ይዛ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኤች አይ ቪ ልታወያይ ሕዝቡን ስታገኝ፣ ሽማግሌዎቹ የነገሯት የራሳቸውን ችግር ነበር። ድልድይ የለንም፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ እኛም ገበያ መሻገር አልቻልንም አሏት። ቦጋለች «እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው» አላለችም። ገንዘብ አፈላልጋ ድልድዩ እንዲሠራ አደረገች። ሰዉ ጆሮውን የሰጣት ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ በሙያችን «መጀመሪያ ደንበኛህን እወቅ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን የምናውቀው ልንሸጥለት የምንፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

ዛፍ ሥር የተካሄደው ሸንጎ

ቦጋለች ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረተችው ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለው የሴቶች ድርጅት «የማኅበረሰብ ውይይት» የሚባለውን ዘዴ በየቀበሌው ተከለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ወደ 50 የሚጠጉ የመንደሩ ሰዎች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ወጣቱም ሽማግሌውም፣ በየሁለት ሳምንቱ ይሰበሰባሉ። አወያዮቹ የመንደሩ ልጆች ናቸው፤ አንድ ሴትና አንድ ወንድ። ሥራቸው መጠየቅና ማዳመጥ እንጂ ማስተማር አይደለም። የመጣው ሰው የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱና ወደ ጎረቤቱ ይመለሳል።

መጀመሪያ የሚወራው ስለ ግርዛት አልነበረም። ስለ ውኃ፣ ስለ በሽታ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ይነሣል። መተማመን ሲመጣ ሴቶቹ በባሎቻቸውና በአማቶቻቸው ፊት ተናግረውት የማያውቁትን አወጡት፦ የደም መፍሰሱን፣ የወሊዱን ጭንቅ፣ የሌሊቱን ሕመም። ብዙ ወንዶች ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቀድሞ መውጣት ያስፈራል

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ይህ ነው። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን የሚያስገርዙት ስለሚጠሏቸው አይደለም። «ያልተገረዘች አታገባም» ስለሚባል ነው። እያንዳንዱ ቤት በልቡ ቢጠራጠርም ቀድሞ ማቆምን ይፈራል፤ ልጁ ብቻዋን ትቀራለቻ! ስለዚህ ለአንድ ቤት ብቻ ምክር ቢሰጥ ዋጋ የለውም። ልማዱን መንደሩ አንድ ላይ፣ በአደባባይ መተው አለበት።

ከምባታ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ያልተገረዙ ሙሽሮች በሕዝብ ፊት ተዳሩ። ሙሽራዋ ያልተገረዘች መሆኗን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች፤ ሙሽራውም ይህችን በማግባቱ ደስ እንዳለው በራሱ ደረት ላይ አስነበበ። «ማን ያገባታል?» ለሚለው ፍርሃት ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

በአካባቢው እ.ኤ.አ. በ1999 ከተጠየቁት ሰዎች 97 በመቶው ግርዛትን ይደግፉ ነበር። በ2008 ሲጠየቁ የደገፉት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቦጋለች በዚህ ሥራዋ ዓለም አቀፉን የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማት ተቀብላለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ዐረፈች።

ወደ አራስ ቤቱ ስንመለስ

በማግሥቱ ማታ ጠያቂው ሲያልቅ አክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሕግ አልጠቀስኩም። «እትዬ፣ ያንቺ ልጆች ጊዜ እንዴት ነበር?» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የመጀመሪያ ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ደም ሲፈስሳት በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋት ማደሯን፣ እንዳትሞትባት ስትሳል መንጋቱን ነገረችኝ። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም» አለች። «ታዲያ ለሁለተኛዋ ለምን?» ስላት፣ «ጎረቤቱ ሁሉ ሲያስገርዝ እኔ ብቻዬን ምን ልሁን ልጄ?» ብላ መለሰችልኝ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ታለቅስ ነበር። ለካ እሷም የሚወራ ነበራት።

ውድ አንባቢያን፣ የሰብአዊ መብት ወግ የአዳራሽ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እድር፣ ማኅበርና የቡና ሰዓት አለን። የቤት ሠራተኛችን የዕረፍት ቀንና የትምህርት ዕድል፣ የሴት ልጅ የውርስ ድርሻ፣ የእህታችን ልጅ ያለ ዕድሜዋ መዳር፣ ሁሉም እዚያ ሊነሣ ይችላል። ሲነሣ ግን ከፍርድ ሳይሆን ከጥያቄ ይጀመር። ትልልቆቹ ቀድመው ይናገሩ፤ ወንዶቹም ከክፍሉ አይውጡ። በአንድ ቀን ውጤት አትጠብቁ። ሕፃን አደጋ ላይ ከሆነች ግን ወግ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ሕጉ ያለው ለዚያ ነው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወለችልኝ። ምራቷ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፤ የሐኪም ምርመራው ሴት ነው ብሏል። «ብቻዬን ባነሣው አዲስ አበባ ከርማ ተበላሽታ መጣች ይሉኛል» አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ፣ «በ21 የማርያም ማኅበር በእኔ ቤት ነው። ሴቶቹ ሁሉ ይመጣሉ። ልጅሽን ይዘሽልኝ ነይ፣ ይዩአት» አለች።

ትኬት ቆርጫለሁ። በራሪ ወረቀት አልያዝኩም።