ስለ እህል ማጠኛ መርዝ

ነቀዝ ጤፍን እምብዛም አይነካም፤ ስንዴን፥ በቆሎንና ማሽላን ግን ውስጡን በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ያስቀራል። እንስቲቱ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን በውስጡ ስለምትደፍን፥ በላዩ የሚነሰነስ ዱቄት አያገኘውም። ስለዚህ እንደ ነፋስ ሆኖ በእህሉ መካከል የሚገባ መርዝ ተፈለገ፤ በርሱ መጠቀምም እህልን ማጠን ይባላል። ይሁን እንጂ እንደ ዕጣን ጢስ ለዓይን አይታይም።

በዛሬ ጊዜ የሚበዛው ፎስፊን ነው። ይኸውም 3 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል የአየር እርጥበት ሲያገኘው 1 ግራም ያህል ፎስፊን ያወጣል። ጎተራው በሚገባ ካልታሸገ መርዙ ያመልጣል፤ ከሞት የተረፈው ነቀዝም እየለመደው ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ 7 ቀን ታሽጎ ይቆይ፤ በደጋ አገር ብርዱ ሥራውን ስለሚያዘገየው ከዚህ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ሰው በሚያድርበት ቤት ያለውን ጎታ ማጠን ነው። ነቀዙን የሚገድለው ነፋስ የተኛውን ሕፃን አይምርም፤ ማርከሻም አልተገኘለትም።

እንግዲህ አገረ ገዥዎችና የወረዳ ሹማምንት እንክብሉ በገበያ በችርቻሮ እንዳይሸጥ፥ ያልተማረበትም ሰው እንዳይነካው፥ መኖሪያ ቤትም ፈጽሞ እንዳይታጠን አጥብቀው ቢከለክሉ፥ እህሉም ባለእህሉም ይድናሉ።