ሃምሳኛዋ ሎኮሞቲቭ

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ከትምህርት ክፍላችን ትንሽ ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለ እንግሊዝ ባቡር ነው። በተለይም «ኤ-ዋን» ተብለው ስለሚጠሩ 49 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች። 49ኙም አንድ ሳይቀር ተቆራርጠው ጠፍተዋል። ሆኖም ሃምሳኛዋ ዛሬ አለች። እንዴት? ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ባቡር» የምንለው ቃል ራሱ «እንፋሎት» የሚል ትርጉም ካለው የአውሮፓ ቃል እንደመጣ ይነገራል። አያቶቻችን ወፍጮውንም ባቡር ይሉት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። ጀበና እሳት ላይ ረስታችሁ ታውቃላችሁ? አፏ ላይ የወተፋችሁትን ነገር ገፍቶ የሚጥለው እንፋሎት ነው ባቡሩን የሚጎትተው። በእርግጥ የኤ-ዋን ጀበና ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት 17 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እንፋሎቱ ሦስት ሲሊንደሮች ውስጥ እየገባ ፒስተኖቹን ወዲያና ወዲህ ይገፋል፣ ፒስተኖቹ ደግሞ ስድስቱን ትልልቅ የብረት ጎማዎች ያዞራሉ። የአንዱ ጎማ ቁመት 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ነው። ከክፍላችን ረጅሙ ልጅ አጠገቡ ቢቆም አናቱ አይታይም።

ሎኮሞቲቮቹን የነደፈው አርተር ፔፐርኮርን ይባላል። ሰውየው ብዙም ዝና የለውም። ዝናው የሄደው ከእሱ በፊት ለነበረው ለናይጀል ግሬስሊ ነው። የግሬስሊ «ማላርድ» በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጣ የዓለምን የእንፋሎት ባቡር ክብረ ወሰን ይዛለች። ፔፐርኮርን ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተሾመው በ1946 ነው። ጦርነቱ ገና ማለቁ ነው፣ ሐዲዱ ተጎሳቁሏል፣ ጥሩ የድንጋይ ከሰል እንደ ልብ አይገኝም፣ ባቡሮቹ ደግሞ ከመቼውም በላይ ከብደዋል። ስለዚህ ክብረ ወሰን መስበር የማንም ሐሳብ አልነበረም። የተፈለገው ከለንደን ኤድንብራ ባለው 632 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ከ500 ቶን በላይ ጎትቶ፣ ያገኘውን ከሰል በልቶ፣ ጋራዥ ሳያበዛ የሚሠራ ነገር ነው።

መልሱ ትልቅ ምድጃ ሆነ። ከሰሉ የሚነድበት ወለል ስፋት 4.6 ካሬ ሜትር ነው፤ ሦስት ጠባብ የዶርም አልጋ ጎን ለጎን እንደማለት። እሳቱ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚነድ ደረጃው ዝቅ ያለ ከሰልም ቢሆን በቂ ሙቀት ይሰጣል። ከ49ኙ አምስቱ ደግሞ በተራው ማዞሪያ ፈንታ ሮለር ኩሽኔታ ተገጠመላቸው፣ ጥገና ሳያስፈልጋቸው ረጅም መንገድ በመሄድም ስም አወጡ። እንከን አልነበረባቸውም ማለት አይደለም። ፍጥነት ሲጨምሩ ወደ ጎን ይንገጫገጫሉ እየተባሉ ይታሙ ነበር።

የመጀመሪያዋ በነሐሴ 1948 ዶንካስተር ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። በዶንካስተርና በዳርሊንግተን 49ኙም ተሠርተው ያለቁት በ1949 ነው። ፔፐርኮርን በዚያው ዓመት መጨረሻ ጡረታ ወጣ፣ በ1951 ዐረፈ። እንኳንም ቀጥሎ የመጣውን አላየ።

በ1955 የእንግሊዝ መንግሥት የባቡር ድርጅት የዘመናዊነት ዕቅድ አወጣ። እንፋሎት ይቅር፣ ናፍጣና ኤሌክትሪክ ይተካ ተባለ። በ1961 «ዴልቲክ» የሚባሉት ኃይለኛ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በዚያው መስመር ላይ መሥራት ጀመሩ። ከ1962 ጀምሮ ኤ-ዋኖቹ እየተጠሩ ለቁራሌው ተሰጡ። ቃሉን የተጠቀምኩት ለቀልድ አይደለም፤ በትክክል በኪሎ እየተመዘኑ ነው የተሸጡት። አንዳቸውም 20 ዓመት አልሞላቸውም። የመጨረሻዋ «ሴንት መንጎ» በሰኔ 1966 ከሥራ ወጣች። እሷን እንኳ ገዝቶ ለማትረፍ ተሞክሮ ነበር፣ አልተሳካም። ማላርድ ዛሬ ዮርክ ሙዚየም ውስጥ ተወልውላ ቆማለች። ሥራውን ሲሠሩ የኖሩት ግን አንድም አልተረፈላቸውም።

የተረፈው ወረቀት ነው። የፋብሪካው የንድፍ ሥዕሎች ዮርክ ባለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ተቀምጠው ነበር። በ1990 ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው «አዲስ እንሥራ» አሉ። እኔ ይህንን ሳነብ መጀመሪያ የሳቅኩት ስለ ገንዘቡ ነው። ባለሀብት አልጠበቁም። «በሳምንት የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ ስጡን» ብለው ተነሡ፤ በጊዜው 1 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም መሆኑ ነው። እኛ አገር ዕቁብ እንደምንለው ዓይነት ነገር ነው፣ ልዩነቱ ዕጣው ለማንም አይወጣም። እንዲህ እየተጠራቀመ፣ የድርጅቶች እርዳታና ብድርም እየተጨመረበት፣ ሥራው ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ።

የብረት አካሏ በ1994 መቆረጥ ጀመረ። ከዚያ በዳርሊንግተን አንድ አሮጌ የባቡር ፋብሪካ ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ መገጣጠም ሆነ። ትልቁ ፈተና ቦይለሩ ነበር። ባቡርን ለዓለም ያስተማረችው እንግሊዝ ይህንን የሚያህል ቦይለር የሚሠራ ፋብሪካ አጣች! በመጨረሻ ጀርመን ውስጥ ማይኒንገን የሚባል ከተማ ተሠርቶ በ2006 መጣ። የድሮው ቦይለር ምድጃው መዳብ ሆኖ በሪቬት የተያያዘ ነበር፤ አዲሱ ሙሉ በሙሉ በብየዳ የተያያዘ ብረት ነው። ሌላም የተለወጠ አለ። ዛሬ ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስላለ ቁመቷን ትንሽ ቀነሱት። ድሮ ባቡሩ እየሮጠ ከሐዲድ መሀል ውሃ የሚቀዳበት ማንኪያ መሰል ነገር ነበረው፤ ዛሬ ያ የውሃ ገንዳ በየትኛውም ሐዲድ ላይ ስለሌለ ማንኪያውን አውጥተው በቦታው ውሃ ጨመሩ። ኩሽኔታዎቿም ሁሉም ሮለር ናቸው።

እሳቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የለኮሱት ዶሮቲ ማተር ናቸው፣ የአርተር ፔፐርኮርን ባለቤት የነበሩ። በነሐሴ 2008 ሕዝብ ፊት በራሷ ኃይል ተንቀሳቀሰች። በየካቲት 2009 ልዑል ቻርልስ (የዛሬው ንጉሥ) ዮርክ ላይ «ቶርኔዶ» ብለው ሰየሟት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በደቡብ እንግሊዝ በረዶ ሲጥል የኤሌክትሪክ ባቡሮች ቆሙ። በዚያ የምታልፈው ቶርኔዶ ለንደን ላይ መሄጃ ያጡ ወደ 100 የሚሆኑ መንገደኞችን ጭና ወደ ቤታቸው አደረሰች። ጋዜጦቹ ይህንን ዜና እንዴት እንደተቀባበሉት መገመት አያቅታችሁም፤ እኔም ብሆን የፊት ገጽ ነበር የምሰጣት።

ሁልጊዜ አልተሳካላትም። በሚያዝያ 2017 በልዩ ፈቃድ በሰዓት 100 ማይል (161 ኪሎ ሜትር) ሞክራ አሳካች። ልክ በዓመቱ ግን መንገደኞች ጭና በፍጥነት ስትሄድ የመሀለኛው ሲሊንደር የእንፋሎት መቆጣጠሪያ ተሰባብሮ መንገድ ላይ ቀረች።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። የዶርም ጓደኛዬ ይህንን ሁሉ ሰምቶ «በቃ ፌክ ናት» አለኝ። ሠሪዎቿ አይስማሙም። የመጨረሻዋ ኤ-ዋን ቁጥር 60162 ነበር፣ ቶርኔዶ 60163 ተባለች። ተከታይዋ ነች፣ ዘግይታ ተወለደች እንጂ ማለታቸው ነው። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ። ምክንያቴም እነዚህ ሎኮሞቲቮች በሥራ ላይ እያሉም ለትልቅ ጥገና በገቡ ቁጥር ቦይለራቸው ይወርድና ከሌላዋ የወረደ ሌላ ቦይለር ይጫንባቸው ነበር። ሴንት መንጎ ብትተርፍ ኖሮ እሷም ቢሆን ከፋብሪካ እንደወጣች አትገኝም ነበር። ጓደኛዬ አሁንም አልተቀበለኝም፣ «ቢያንስ አንድ ብሎን» ይላል።

ዳርሊንግተን ያሉት ሰዎች ደግሞ ክርክሩን ትተው ወደ ሌላ ሥራ ገብተዋል። በ1930ዎቹ ግሬስሊ የነደፋቸው «ፒ-ቱ» የሚባሉ ስድስት ሎኮሞቲቮች ነበሩ፤ እነሱም አንድ አልተረፈም። የሰባተኛዋ አካል በ2014 ተቆረጠ።